ቺፕ ውስጥ ያደረ ውሃ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የኤሌክትሮኒክስ ገጣጣሚ ፋብሪካዎች አንድ ብልሽት ግራ አጋብቷቸው ነበር። ቺፑ ከአምራቹ ሲወጣ ፈተናውን ሁሉ አልፏል። ገጣጣሚው ይረከበዋል፣ ቦርዱ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከነቦርዱም ሶልደሩን በሚያቀልጠው፣ ሪፍሎው በሚባለው ምድጃ ያሳልፈዋል። ከምድጃው ሲወጣ አንዳንዱ ሆዱ አብጧል፤ አንዳንዱ ጎኑ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይታይበታል። አልፎ አልፎም ገና ምድጃው ውስጥ ሳለ የሚፈነዳ ነገር ድምፅ ይሰማል። ኢንጂነሮቹ ድምፁን ሰምተው ብልሽቱን ፈንዲሻ አሉት። ስያሜው ቀልድ ቢመስልም፣ በኋላ እንደታየው፣ ምክንያቱንም በትክክል ይነግራል። የበቆሎው ፍሬ በጠንካራ ቅርፊቱ ውስጥ የያዘው ውሃ በሙቀት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መውጫ ያጣና ቅርፊቱን ይቀደዋል። ቺፑም የሚፈነዳው እንዲሁ ነው።

ብዙ ዋጋ ያስከፈለው ግን ድምፅ አሰምቶ የተሰነጠቀው አልነበረም። እሱ በዓይን ስለሚታይ ተለቅሞ ይጣላል። አስጊው ከውጭ ምንም ሳይታይበት ውስጡ የተላቀቀው ነው። በቺፕ ውስጥ ከሲሊከኑ ወደ እግሮቹ የሚሄዱት የወርቅ ሽቦዎች 25 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት ብቻ ነው ያላቸው። ፕላስቲኩ ከሲሊከኑ ሲላቀቅ ሽቦው ከተያያዘበት ይጎተታል፤ ግን ወዲያው ላይበጠስ ይችላል። ቦርዱ ተፈትሾ ያልፋል፣ ታሽጎ ይሸጣል፣ ከወራት በኋላ ደንበኛው ቤት ይሞታል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው የቺፑ አምራች፣ አንዳንዴም ዕቃውን የተጠቀመበት ሰው ነው። ጉዳቱ የደረሰበት ቦታና ጉዳቱ የታየበት ቦታ ፈጽሞ ስለማይገናኙ፣ እውነተኛውን ምክንያት ለማግኘት ዓመታት መውሰዱ አይገርምም።

ፍለጋውን ያከበደው ሌላም ነገር አለ። የዘርፉ ሰዎች እርጥበትን አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ የሚያውቁት ግን በሌላ ጠባዩ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ትራንዚስተሮች ብዙዎቹ አየር በማያስገባ የብረት ቆብ ነበር የሚታሸጉት። ቀጥሎ ሴራሚክ መጣ። ሁለቱም ውሃ አያሳልፉም፤ ሁለቱም ውድ ናቸው። ለሬዲዮ፣ ለካልኩሌተር፣ ለቴሌቪዥን የሚሆን ርካሽ ቺፕ ለማግኘት ሲሊከኑን በኢፖክሲ ፕላስቲክ መሸፈን የግድ ሆነ። ኢፖክሲ ደግሞ ውሃ ያሳልፋል። ቀዳዳ ኖሮት አይደለም፤ የውሃ ሞለኪውሎች በራሱ በፕላስቲኩ ውስጥ ቀስ እያሉ ያልፋሉ። ሲሊከኑ ላይ ደርሰውም በላዩ የተዘረጉትን ስስ የአሉሚኒየም መስመሮች ይበላሉ። ስለዚህ ፕላስቲክ ለባሽ ቺፖች በ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት ውስጥ ኤሌክትሪክ እየተሰጣቸው 1000 ሰዓት እንዲቆዩ የሚደረግበት ፈተና የተለመደ ሆነ። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ እርጥበት ማለት ዝገት ነው፤ ዓመታት የሚወስድ ቀርፋፋ ጠላት። በደቂቃ ውስጥ ቺፕ የሚሰነጥቅ ኃይል ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም።

አለመጠርጠራቸውም ምክንያት ነበረው። በቀድሞው አሠራር የቺፑ እግሮች በቦርዱ ቀዳዳ ይገቡና ከታች በኩል ይወጣሉ፤ የቀለጠው ሶልደር የሚነካው የታችኛውን ገጽ ብቻ ነው። የቺፑ አካል ከላይ ስለሚቀመጥ ሙቀቱ በሙሉ አይደርስበትም። በ1980ዎቹ ዕቃው ሁሉ እንዲያንስ ሲፈለግ ቀዳዳው ቀረ። ቺፑ እዚያው ቦርዱ ገጽ ላይ፣ ሶልደር በተቀባ ሰሌዳ ላይ መቀመጥ ጀመረ፤ ሶልደሩ እንዲቀልጥም ሁሉም ነገር በአንድነት 215 ወይም 220 ዲግሪ ድረስ መሞቅ ነበረበት። ቀድሞ እግሩ ብቻ ይሞቅ የነበረው ቺፕ አሁን ሙሉ አካሉ ምድጃ ገባ። ፕላስቲኩ ያው ነው፣ ሲሊከኑ ያው ነው፣ በውስጡ ያደረው ውሃም ያው ነው። የተለወጠው የማሞቂያው መንገድ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1985 ፉኩዛዋ፣ ኢሺጉሮና ናምቡ የተባሉ ጃፓናውያን በሪላያቢሊቲ ፊዚክስ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ አንድ ጥናት አቀረቡ። የጥናቱ ርዕስ ራሱ ዘመኑ ነገሩን ከየት አቅጣጫ ይመለከተው እንደነበር ያሳያል፤ የሚናገረው ፕላስቲክ ቺፖች በሪፍሎው ምድጃ ካለፉ በኋላ እርጥበትን የመቋቋም አቅማቸው ስለ መዳከሙ ነው። አሁንም ማሰሪያው ዝገት ነው። ነገር ግን በምድጃ ያለፈው ቺፕ ቶሎ የሚዝገው ምድጃው ለውሃ መንገድ ስለከፈተለት ነው። መንገዱ ደግሞ ስንጥቁና መላቀቁ ነው። እኔ ይህን ጥናት ትልቅ የማየው ለዚህ ነው፤ ጥያቄውን ከዝገቱ አንስቶ ከዝገቱ በፊት ወደሆነው ነገር ወሰደው።

ስንጥቁን ያመጣው ማን ነው? ሁለት ተጠርጣሪዎች ነበሩ። አንደኛው ሙቀቱ ራሱ ነው። ሲሊከን በእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን 3 ያህል እጅ ብቻ ሲለጠጥ መዳብ 17 ያህል ይለጠጣል፤ ኢፖክሲው ደግሞ ከ150 ዲግሪ አካባቢ በላይ ሲለሰልስ ከሁለቱም በብዙ ይበልጣል። እንዲህ የማይመጣጠኑ ነገሮች ተጣብቀው አብረው ሲሞቁ መወጣጠራቸው አይቀርም። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ውሃው ነው። ለመለየት የሚያስፈልገው ሙከራ ቀላል ነበር፤ ከአንድ ምርት የተወሰዱ ቺፖችን ከፍሎ ግማሹን ማድረቅ፣ ግማሹን ማርጠብ፣ ከዚያ በአንድ ምድጃ ማሳለፍ። ሙቀት ብቻውን ጥፋተኛ ቢሆን ሁለቱም ይሰነጠቁ ነበር። ደረቁ ግን ደህና ይወጣል። የመለጠጡ ልዩነት ፕላስቲኩን ያዳክመዋል፤ የሚገፋው ኃይል ግን ሌላ ነው።

በ1988 በዚያው ጉባኤ ላይ በዚሁ ጉዳይ ከአንድ በላይ ጥናት ቀረበ። ሊን፣ ብላክሺርና ሰሪስኪ እርጥበት የሚያመጣውን መሰንጠቅ መረመሩ። የሂታቺዎቹ ኪታኖ፣ ኒሺሙራ፣ ካዋይና ኒሺ ደግሞ የመሰንጠቁን ሂደት በስሌት አሳዩ። ነገሩ እንዲህ ነው የሚሄደው፦ ቺፑ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ከክብደቱ አንድ በመቶ እንኳ የማይሞላ ውሃ ይጠጣል። ምድጃው ውስጥ ግን ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ነው። በቀናት የገባው ውሃ በደቂቃዎች በመጣበት መንገድ መውጣት አይችልም። ሲሊከኑ ከተቀመጠበት የብረት ሰሌዳ ሥር፣ ፕላስቲኩና ብረቱ በተጣበቁበት መስመር ላይ እንፋሎት ይጠራቀማል። ማጣበቂያው በሙቀት ደክሟል፣ ፕላስቲኩ ለስልሷል። መጀመሪያ ይላቀቃል፤ ቀጥሎ ሆዱ ወደ ውጭ ያብጣል፤ በመጨረሻም ውጥረቱ ከሁሉ በሚበረታበት በብረቱ ሰሌዳ ጠርዝ ይሰነጠቅና እንፋሎቱ ይወጣል። ውሃ ተዘግቶ 220 ዲግሪ ቢሞቅ ግፊቱ ከአየር ግፊት 23 እጥፍ ያህል ይደርሳል።

ከኪታኖና ከባልደረቦቹ ሥራ ውስጥ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ግን ሌላ ነጥብ ነው። እስከዚያ ድረስ ቺፕ ምን ያህል ውሃ እንደጠጣ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ መመዘን ነበር፤ ክብደቱ በጨመረ ቁጥር አደጋው ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል። እነሱ ያሳዩት ወሳኙ ጠቅላላው የውሃ መጠን እንዳልሆነ ነው። ወሳኙ በዚያ በሚላቀቀው መስመር አጠገብ ያለው ውሃ ነው። ሁለት ቺፖች ሚዛን ላይ እኩል ሊመዝኑ ይችላሉ። አንደኛው ገና እየረጠበ ነው፤ ውሃው ላይ ላዩን ስለሆነ ምድጃውን በሰላም ያልፋል። ሌላው እየደረቀ ነው፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ግን እርጥብ ስለሆነ ይሰነጠቃል።

ይህን የተረዳ ሰው በመጋዘን ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ስህተቶች ወዲያው ይገለጡለታል። ለጥቂት ሰዓታት ክፍት የቆየ ቺፕ ተመልሶ ደረቅ ሳጥን ውስጥ ቢገባ ላዩ ላይ የያዘው ውሃ ሁሉ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ከፊሉ ወደ ውስጥ መጓዙን ይቀጥላል። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ መስመሩ አጠገብ ያለው ውሃ ሊጨምር ይችላል። ዛሬ የሚሠራበት ደንብ ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ ለተጋለጡና በእርጥበት የመጎዳት ደረጃቸው መካከለኛ ለሆነ ቺፖች ከተጋለጡበት ጊዜ ቢያንስ አምስት እጥፍ፣ ከ10 በመቶ በታች እርጥበት ባለው ደረቅ ቦታ ይቆዩ የሚለው ለዚህ ነው። አምስት ሰዓት ውጭ የዋለ ቺፕ ከአንድ ቀን በላይ ይደርቃል ማለት ነው። በሩን ከፍቶ መልሶ መዝጋት ብቻ የጠፋውን ጊዜ አይመልስም።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላም የተላቀቀውን ቺፕ ሳይሰብሩ ማየት ችግር ሆኖ ቀረ። ኤክስሬይ ሽቦውን በደንብ ያሳያል፤ ከአንድ ማይክሮሜትር የማያልፍ የአየር ክፍተት ግን አይታየውም። መልሱ የመጣው ከድምፅ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ካልቪን ኳትና ሌመንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ ያደረጉት የድምፅ ማይክሮስኮፕ ከጊዜ በኋላ ለዚህ ሥራ ዋነኛ መሣሪያ ሆነ። ቺፑ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ከላዩ አልትራሳውንድ የሚልክ መሣሪያ ወዲያና ወዲህ እየሄደ በየነጥቡ የሚመለሰውን ማሚቶ ይመዘግባል። ፕላስቲክና ሲሊከን ተጣብቀው ካሉ ድምፁ በከፊል ያልፋል፣ በከፊል ይመለሳል። በመካከላቸው እጅግ ስስ የሆነ አየር እንኳ ካለ ግን አልትራሳውንዱ ያን አየር መሻገር ስለማይችል በሙሉ ይመለሳል፤ የተመለሰው ሞገድም የተገለበጠ ነው፤ ከፍ ማለት የነበረበት ዝቅ ይላል። በስክሪኑ ላይ ያ የተገለበጠ ማሚቶ በቀይ ይቀለማል። ከውጭ ጤነኛ የሚመስል ቺፕ ማዕዘኖቹ ቀልተው ሲታዩ ክርክሩ ሁሉ ያበቃል። አምራቹና ገጣጣሚው አንድ ምስል እያዩ መነጋገር የቻሉት ከዚህ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ መጋዘንና ወደ ፋብሪካ መስመር የወረደ ነው። ለመገጣጠሚያ ሠራተኛ ስለ እንፋሎት ግፊትና ስለ ስርጭት ስሌት መንገር አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ይህ ካርቶን ከተከፈተ እስከ መቼ ልጠቀምበት የሚለው መልስ ነው። አይፒሲ የተባለው የዘርፉ ማኅበር የመጀመሪያውን መመሪያ በ1990 አወጣ። በ1996 አይፒሲና ጄዴክ የተባለው ሌላ የዘርፉ ማኅበር በጋራ ቺፖችን በእርጥበት በመጎዳታቸው መጠን በደረጃ የሚከፍለውን ደንብ፣ በ1999 ደግሞ አያያዙን፣ ማሸጉንና አደራረቁን የሚወስነውን አወጡ። በእነዚህ መሠረት ደረጃ 1 የሆነ ቺፕ በ30 ዲግሪና በ85 በመቶ እርጥበት ውስጥ ያለ ገደብ መቆየት ይችላል። ደረጃ 2 አንድ ዓመት አለው፤ 2ሀ አራት ሳምንት። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ደረጃ 3 ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀትና በ60 በመቶ እርጥበት 168 ሰዓት ይሰጠዋል፤ ልክ አንድ ሳምንት። ደረጃ 4 ሦስት ቀን፣ 5 ሁለት ቀን፣ 5ሀ አንድ ቀን። ደረጃ 6 ሁልጊዜ ከመጠቀም በፊት መድረቅ አለበት።

ደረጃው በግምት አይሰጥም። የደረጃ 3 ቺፕ ሲፈተን በ30 ዲግሪና በ60 በመቶ እርጥበት የሚነከረው ለ168 ሰዓት ሳይሆን ለ192 ሰዓት ነው። ጭማሪዋ 24 ሰዓት አምራቹ ቺፑን አድርቆ ከረጢት ውስጥ እስኪያሽገው የሚያልፈውን ጊዜና በመጋዘን ተከፍቶ የሚከፋፈልበትን ጊዜ ታሳቢ ያደረገች ናት። ከዚያ በሪፍሎው ምድጃ ሦስት ጊዜ ያልፋል፤ ቀጥሎም በድምፅ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ሦስት ጊዜ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቦርዱ አንዱ ገጽ፣ ሌላው ገጽ፣ ኋላም ሊመጣ የሚችል ጥገና ሁሉም ቺፑን መልሰው ያሞቁታል።

ይህ ሁሉ ተደላድሎ ሳለ አንድ ሕግ መጥቶ ሒሳቡን አናጋው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ በአብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ እርሳስ እንዳይኖር ከለከለ። የቀድሞው የቆርቆሮና የእርሳስ ሶልደር በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የተተካው የቆርቆሮ፣ የብርና የመዳብ ሶልደር 217 ዲግሪ አካባቢ ይጠይቃል። የምድጃው ጣሪያ ወደ 245፣ ለትንንሾቹ ቺፖችም እስከ 260 ዲግሪ ወጣ። 40 ዲግሪ ጭማሪ ብዙ ላይመስል ይችላል። የእንፋሎት ግፊት ግን ከሙቀት ጋር በእኩል እርምጃ አያድግም፤ በ220 ዲግሪ 23 የነበረው በ260 ወደ 47 ይጠጋል። እጥፍ ሆነ። ደረጃ 1 ወይም 2 ከነበሩት ቺፖች ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ወረዱ፤ በመደርደሪያ ላይ አንድ ዓመት ይታገሥ የነበረው በሳምንት የሚቆጠር ሆነ። እርሳስ ለሰው ጤና መወገዱን እደግፋለሁ፤ ዋጋውን ግን በየፋብሪካው መጋዘን ያሉ ሰዎች በጥንቃቄ እንደከፈሉት መታወቅ አለበት።

ሁሉንም ለምን እያደረቁ አይጠቀሙም የሚል ጥያቄ ይነሳል። ማድረቅ የራሱ ጣጣ አለው። ወፍራም ቺፕ፣ ማለትም ከ2 እስከ 4.5 ሚሊሜትር የሚሆነው፣ ጊዜው ካለፈበት በ125 ዲግሪ 48 ሰዓት ይበቃዋል። ነገር ግን ቺፖቹ በፕላስቲክ ሪል ተጠቅልለው ከመጡ ሪሉ ይቀልጣል። ሪሉ የሚችለው 40 ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ሙቀት ያው ቺፕ ለመድረቅ እስከ 79 ቀን ሊወስድበት ይችላል። ሙቀት ወደሚችል ትሪ መገልበጥም እግር ማጣመም ያመጣል። በተጨማሪ ሙቀት የእግሮቹን ገጽ ያበላሻል፤ ሶልደር አልይዝ ይላሉ። ስለዚህ ከ90 ዲግሪ በላይ የሚደረግ ማድረቅ በጠቅላላው ከ96 ሰዓት እንዳያልፍ ይመከራል። ከረጠበ በኋላ ከማድረቅ ይልቅ ከመጀመሪያው ደረቅ አድርጎ መያዝ ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው።

ለዚህ ነው ከረጢቱ የተሠራው። ውስጡ አልሙኒየም ያለው፣ እርጥበት የማያሳልፍ የብር ቀለም ከረጢት ነው፤ እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ጥቅልና አንድ የወረቀት ካርድ ይዟል። ካርዱ ላይ 5፣ 10 እና 60 የሚሉ ክብ ነጥቦች አሉ። በተለመደው ዓይነት ካርድ ነጥቡ ደረቅ ሲሆን ሰማያዊ፣ ሲረጥብ ሮዝ ነው። ከረጢቱ እንደተከፈተ ወዲያው መነበብ አለበት፤ ትንሽ ከቆየ የሚያሳየው የክፍሉን አየር ነው። ከ2ሀ እስከ 5ሀ ባሉት ደረጃዎች 5 የሚለው ሮዝ ሆኖ 10 የሚለውም ሰማያዊነቱን ካጣ ቺፑ ይደርቃል። ከረጢቱ ላይ ያለው መለያ ደግሞ ደረጃውን፣ የሚፈቀደውን የቺፕ አካል ሙቀትና የታሸገበትን ቀን ይዟል።

ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ፣ ኮንቴይነሩ በሞቃትና በእርጥብ የባሕር ዳርቻ ሰንብቶ ነው ወደ ደጋ የሚወጣው። ሙቀት ውሃው በፕላስቲኩ ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት ስለሚጨምረው፣ ሙቀትም እርጥበትም ከበዛበት የባሰ ቦታ የለም። አዲስ አበባ በክረምት እርጥበቱ ከ60 በመቶ በላይ ይሆናል፤ ብርዱ ግን ጉዞውን ያዘገየዋል። ይህ ማለት ክረምት ምንም አያደርስም ማለት አይደለም። በሳምንታት የሚቆጠር ቆይታ ብርዱ የሰጠውን ፋታ ይጨርሰዋል።

በሞባይል ጥገና ቤቶች ደግሞ ጉዳዩ ከፋብሪካው የባሰ ነው ብዬ አምናለሁ። ጠጋኙ በሙቅ አየር ማሽን አንድ ቺፕ ሲያነሳ የሚያሞቀው ያን ቺፕ ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ያሉትን ጤነኞችም ያሞቃል። ስልኩ ዓመታት አገልግሏል፤ አንዳንዱ ደግሞ ውሃ ገብቶበት ነው የመጣው። ቦርዱን በቀጥታ ማሞቅ ማለት በውስጡ ያደረውን ውሃ ሁሉ በአንዴ ማስነሳት ነው። ቺፕ ተቀይሮ ስልኩ ከበራ በኋላ በሳምንቱ ሌላ ነገር የሚሞተው ሁልጊዜ ባይሆንም አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው፤ ስህተቱ ግን በቺፑ ጥራት ይሳበባል። ባትሪውንና ሙቀት የማይችለውን ነገር ሁሉ አውጥቶ፣ ቦርዱ ላይ የቀሩት ክፍሎች በሚችሉት ሙቀት ለሰዓታት ማድረቅና ከዚያ ቀስ ብሎ ማሞቅ ይህን ይከላከላል።

መለዋወጫ ቺፕ ደግሞ በገበያ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በፍሬ ነው፤ ከረጢቱ ተቀዶ፣ መለያው ጠፍቶ፣ በላስቲክ ወይም በትንሽ ሳጥን። መቼ እንደተከፈተ የሚያውቅ የለም። በደንቡ መሠረት እንዲህ ያለ ቺፕ ጊዜው እንዳለፈበት ነው የሚቆጠረው፤ ከመበየዱ በፊት ይደርቃል። ሙሉ ከረጢት የገዛ ሰው ግን ቀላል ሥራ ነው ያለበት። ሲከፍተው ቀኑንና ሰዓቱን በእስክሪብቶ ከረጢቱ ላይ ይጽፋል፤ የተረፈውን በዚያው ቀን፣ ከአዲስ እርጥበት መጣጭ ጋር መልሶ ያሽጋል።